ዋካ ምንድን ነው? ዋቃ አይደለም!

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የጉዞ ተራኪ ከኮንሶ ዋካዎች፣ ማለትም ከእንጨት ከተጠረቡት የሰው ምስሎች፣ ፊት ቆሞ «ጣዖት» ሲል ሰማሁት። ማስረጃው ስሙ ነው፦ ዋቃ ማለት ፈጣሪ አይደል? ነው እንጂ። ግን ፈጣሪው በ«ቃ» ዋቃ፣ እንጨቱ በ«ካ» ዋካ ነው። «ዋጋ» እያሉ የጻፉት ፈረንጆች ቢያምታቱት አልፈርድባቸውም። ቀ እና ከ ለይቶ የሚጽፍ ፊደል ይዞ መሳት ግን ያናድዳል።

ዋካ የሟች መታሰቢያ ነው። ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሙሾ በሉት። አልቃሽ ሟቹ ማን እንደነበር፣ ምን እንደገደለ፣ እነማንን እንዳገባ ትደረድር የለ? ዋካም ያንኑ ይደረድራል፦ ጀግናው መሃል፣ ሚስቶቹ ግራና ቀኝ፣ የገደላቸው ጠላቶች ከዳር፣ አውሬ ከጣለም ነብሩ ወይም አንበሳው። ስለዚህ አንዱን ነቅሎ መውሰድ ከሙሾ መሃል ስንኝ መቁረጥ ነው፤ የቀረው ቤት አይመታም። የኮንሶ ከተማ ካራት ያለው ሙዚየም ውስጥ ከሌባ እጅ የተመለሱ ዋካዎች አሉ። እንጨቱስ ተረፈ፤ ማን ከማን አጠገብ ቆሞ እንደነበር ግን እንጨቱ አይናገርም።

ለቱሪስት የሚቀረጹት ትናንሾቹ ሟች የሌለው ሙሾ ናቸው። ግዙ፣ ክፋት የለውም፤ የቀራጩ እንጀራ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ካላችሁ ግን ወይ ዋሽቷል፣ ወይ የሰው አባት እየሸጠላችሁ ነው።

ማንም ባይጠይቀኝም ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ሙያዬ አላስችል ብሎኝ ነው። በስንጥቁ አትገምቱ። ደጅ የቆመ እንጨት ፀሐይና ምስጥ ተባብረው ያለ ዕድሜው ያስረጁታል። ዩኔስኮ የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሲመዘግብ የጠቀሰው 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ፣ የባህሉ ዕድሜ ነው። አንዳንድ አስጎብኚ ቁጥሩን አንስቶ ፊቱ ያለው ዋካ ላይ ይለጥፈዋል።

በየመንደሩ የቆመው ረጅም ድንጋይ ደግሞ ዳጋ ሄላ ይባላል፤ አንዱ ትውልድ ኃላፊነቱን ለተከታዩ ሲያስረክብ የሚተከል ነው። እሱንም «የድንጋይ ዋካ» የሚሉ አሉ። ዛሬ ከእነሱ ጋር አልጀምርም።