የድረ-ገጽ ጎብኚዎች ግላዊነት፦ ገጹ የሚያየውና ለሁሉም የሚያሳየው

አንድ ድረ-ገጽ ስንከፍት ገና ምንም ሳንጽፍ ስለራሳችን ብዙ ነገር እንሰጣለን። ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ገጹን ወዴት እንደሚልክ ማወቅ ስላለበት በኢንተርኔት ላይ የምንታወቅበትን ቁጥር፣ የአይፒ አድራሻችንን፣ ያያል። ገጹን የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ብሮውዘራችንም፣ የራሱን ስም፣ የስልካችንን ወይም የኮምፒውተራችንን ዓይነትና የመረጥነውን ቋንቋ ያስረክባል። ብዙ ጊዜ ከየትኛው ድረ-ገጽ ሊንክ ተጭነን እንደመጣን ሳይቀር ይናገራል። ከዚህ አብዛኛው ብዙ ጊዜ ከነሰዓቱ ሎግ በሚባል ፋይል ውስጥ ይመዘገባል።

አይፒ አድራሻ ብቻውን ስም አይናገርም። አገርን፣ አንዳንዴ ከተማን፣ እንዲሁም ኢንተርኔቱን የሚያቀርበውን ድርጅት ይጠቁማል። ከዚያ ድርጅት መዝገብ ጋር ሲገናኝ ግን እስከ ደንበኛው ድረስ ይመራል። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. በየጊዜው የሚቀያየር አይፒ አድራሻ እንኳ የግል መረጃ ሊሆን ይችላል ያለው ለዚህ ነው።

ኩኪ ገጹ በብሮውዘራችን ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ኔትስኬፕ የተባለው የብሮውዘር ኩባንያ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ገጹ ጎብኚውን እንዲያስታውስ ነበር። የግላዊነት ጣጣ የመጣው የማስታወቂያ ድርጅቶች በብዙ ገጾች ላይ ሆነው አንድን ሰው በኩኪ መከተል ሲጀምሩ ነው። የአፕል ብሮውዘር ሳፋሪ በ2020 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች ሙሉ በሙሉ ዘግቷል። ኩኪ ሲዘጋ ግን ክትትሉ አብሮ አይቆምም። የስክሪን መጠን፣ በመሣሪያው ላይ ያሉ የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች)፣ የሰዓት ቀጠና፣ እነዚህ ሲደመሩ ብሮውዘሩን ከሌሎች የሚለይ አሻራ ይሠራሉ። ለዲጂታል መብቶች የሚሟገተው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከ470 ሺህ ገደማ ብሮውዘሮች መካከል 83.6 በመቶው ከሌላ ጋር የማይመሳሰል አሻራ ነበራቸው።

እስካሁን ያልነው ገጹ ለራሱ የሚያየውን ነው። ብዙ የማይወራለት፣ ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ገጹ ያየውን መልሶ ለዓለም ሁሉ ሲያሳይ ነው።

ዊኪፔዲያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለብዙ ዓመታት አካውንት ሳይከፍት ጽሑፍ ያረመ ሰው አይፒ አድራሻው በለውጦች ታሪክ ላይ ለማንም ይታይ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ዊኪስካነር የተባለ መሣሪያ እነዚህን አድራሻዎች ከድርጅቶች ኔትወርክ ጋር አዛመደ። ከየትኞቹ ኩባንያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እርማት እንደተደረገም አደባባይ አወጣ። ያኔ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ነበር፤ የተቋማት ጉዳይ ስለሆነ እኔም ጥቅሙ ይታየኛል። ነገር ግን ከቤቱ ሆኖ አንዲት የፊደል ግድፈት ያረመ ተራ ሰውም በዚያው መንገድ ተጋልጦ ነበር። ዊኪፔዲያ በቅርብ ዓመታት አይፒውን በጊዜያዊ አካውንት ስም መተካቱ ትክክለኛ እርምጃ ነው።

ሌላው ክፍተት ከቸልተኝነት ይመጣል። የጎብኚዎችን ቁጥር የሚያሰሉ እንደ ዌባላይዘርና ኤደብሊውስታትስ ያሉ ፕሮግራሞች ሪፖርታቸውን የሚያቀርቡት በድረ-ገጽ መልክ ነው። ባለቤቱ በይለፍ ቃል ካልዘጋው ማንም ይከፍተዋል። እዚያ ላይ የጎብኚዎች አይፒ አድራሻና የመጡበት ሊንክ ሊዘረዘር ይችላል። የፍለጋ ሞተር ካገኘው ደግሞ አበቃ፣ በፍለጋ ይወጣል።

የገጹ ባለቤትም አይቀርለትም። ሁዊዝ በተባለው የዶሜይን (የድረ-ገጽ ስም) መዝገብ ላይ የባለቤቱ ስም፣ አድራሻና ስልክ በይፋ ይታይ ነበር። የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል ነው አብዛኛው የተሸፈነው።

ጎብኚው የሚተማመንበት የብሮውዘር ስውር መስኮት የሚደብቀው በዚያው መሣሪያ ላይ የሚቀረውን ታሪክ ነው። አይፒውን ከገጹ አይሰውርም። ግንኙነታችንን በራሱ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው ቪፒኤን ይሰውረዋል፤ ይሁንና አመኔታው ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ይዞራል። ቶር የተባለው ማንነትን የሚሰውር ኔትወርክ ግንኙነቱን በተለያዩ ሰዎች በሚተዳደሩ ሦስት ሰርቨሮች በኩል ስለሚያሳልፍ፣ ማን እንደሆንንና የት እንደገባን ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያውቅ አንድ ሰርቨር አይኖርም። ትልቁ ሥራ ያለው ግን ገጹን በሚያስተዳድረው ሰው እጅ ነው። የአይፒውን መጨረሻ ቁጥሮች ቆርጦ መመዝገብ፣ ሎጉን ቶሎ ቶሎ ማጥፋት፣ የስታቲስቲክሱን ገጽ መቆለፍ ይችላል።