እስክንድርያ፦ ከመሬትና ከባሕር በታች ያለችው ከተማ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እስክንድርያ እንግዳ ስም አይደለችም። ስንክሳር በተነበበ ቁጥር ትነሳለች። አትናቴዎስ፣ ቄርሎስ፣ ዲዮስቆሮስ፣ ጴጥሮስ ተፍጻሜተ ሰማዕት፣ ሁሉም የዚያች ከተማ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው። ከመጽሐፍ የምናውቃት ከተማና ዛሬ ከባቡር ሲወርዱ የምትታየው ግን ብዙም አይገናኙም። የዛሬዋ እስክንድርያ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት፣ በግብጽ ከካይሮ ቀጥላ ትልቋ ከተማ ናት። የአገሪቱ ዋና ወደብም እሷ ናት። ጥንታዊቷ ከተማ አብዛኛው ክፍሏ ከአስፋልቱ ሥር ወይም ከባሕሩ ውስጥ ነው። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው፣ በተለይ ፒራሚዶቹን አይቶ ከመጣ፣ «ታዲያ ምኑ ነው የሚታየው?» ማለቱ አይቀርም።

ታላቁ እስክንድር ከተማዋን የመሠረታት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ላይ ቀድሞ ራቆቲስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። እሱ ራሱ ከተማዋ ተሠርታ አላያትም። ከ8 ዓመት በኋላ ባቢሎን ላይ ሞተ። አስከሬኑን አምጥተው እዚህ ቀበሩት፤ መቃብሩ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በየጊዜው «አገኘሁት» የሚል አይጠፋም፤ ቶሎ አትመኑ። ከእሱ በኋላ በጥሊሞሶች፣ ማለትም የጦር አለቃው የበጥሊሞስ ዘር የሆኑ ነገሥታት፣ ለ300 ዓመት ገደማ ገዟት። የመጨረሻዋ ክሊዮፓትራ ናት።

የከተማዋን አቀማመጥ ማወቅ ለጉብኝት በጣም ይጠቅማል። እስክንድርያ በሜዲትራንያን ባሕርና በማርዮት ሐይቅ መካከል የተዘረጋች ጠባብና ረጅም ከተማ ናት። ከፊት ለፊቷ ፋሮስ የምትባል ደሴት ነበረች። የበጥሊሞሶች መሐንዲሶች ከዋናው መሬት እስከ ደሴቷ ድረስ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ መንገድ በባሕሩ ውስጥ ሠሩ። በዚህም አንዱ ወሽመጥ ለሁለት ተከፍሎ ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ወደብ ሆነ። ከዚያ ባሕሩ አሸዋና ደለሉን በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲከምር ኖረ። ዛሬ ከመንሺያ አደባባይ ወደ አንፉሺ የሚወስደው ሰፈር ከሞላ ጎደል በሙሉ ጥንት ውኃ ነበር።

በደሴቷ ጫፍ ላይ በ280 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተጠናቀቀው የመብራት ግንብ ቆሞ ነበር። ከፍታው ከ100 ሜትር በላይ እንደነበር ይገመታል። ከ1,000 ዓመት በላይ ቆሞ መርከበኞችን ከመራ በኋላ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው። ትልቁ ምት የ1303ቱ ነው። ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 በዚያው ቦታ ላይ ምሽግ ሠራ። ዛሬ ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ከዚህ ምሽግ ፊት ነው። ውስጡ እምብዛም ነገር የለውም፤ ከላይ ሆኖ ወሽመጡን ማየት ግን ያስደስታል። ዋናው ሀብት ያለው ከምሽጉ ግድግዳ ሥር፣ ውኃው ውስጥ ነው። በ1990ዎቹ ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ጠልቀው ሐውልቶችና ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች አገኙ። ከመካከላቸው አንዱ የበጥሊሞስ ትልቅ ሐውልት ወጥቶ አሁን በአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ቆሟል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ኮም ኤል ሹቃፋ ይሂድ። ከድንጋይ የተፈለፈለ የ2ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ውስጥ መቃብር ነው። በ1900 አንዲት አህያ መሬቱ ተደርምሶባት ስትገባ እንደተገኘ ይነገራል። ጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ታች ይወስዳል። ደረጃው መካከል ላይ አስከሬን በገመድ ይወርድበት የነበረ ጉድጓድ አለ። ከታች የቤተሰብ ግብር ቤት ታገኛላችሁ፤ ዙሪያውን የድንጋይ መደብ ያለው ክፍል ነው። ዘመድ አዝማድ እየመጣ ለሟቹ መታሰቢያ ይበላበት ነበር። ተዝካር የሚያውቅ ሰው ለምን እንደተሠራ ማስረጃ አያስፈልገውም። ውስጠኛው ክፍል ደግሞ የከተማዋን ጠባይ በአንድ ግድግዳ ላይ ያሳያል። የውሻ ራስ ያለው የግብጹ የሙታን አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ ቆሟል። አጠገቡ ያሉት እባቦች የፈርዖን ዘውድ ደፍተው የግሪክ አማልክትን በትር ይዘዋል። ሟቾቹ የግብጽን አምልኮ፣ የግሪክን ባህልና የሮማን መንግሥት ሦስቱንም እኩል የራሳቸው አድርገው ነበር የኖሩት። መቃብሩ ሦስት ደርብ አለው፤ ታችኛውን ለረጅም ጊዜ ውኃ ይዞት ኖሯል።

ከዚያ በእግር በሚደረስበት ርቀት የፖምፔ ዓምድ የሚባለው ቆሟል። ስሙ ስሕተት ነው። በ298 ገደማ ለሮማው ንጉሠ ነገሥት ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር የቆመ፣ ከአስዋን የመጣ ቀይ ግራናይት ነው፤ ከነመሠረቱ ወደ 27 ሜትር ይደርሳል። አዎ፣ ያው በገድላቱ ሁሉ የምናውቀው አሳዳጁ ዲዮቅልጥያኖስ። ግብጻውያን ክርስቲያኖች እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው ዘመን ይቆጥራሉ፤ ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል። የእሱ ዓምድ ግን ሳይነካ ቆሞ ቀረ።

ኮም ኤል ዲካ ሌላው ነው። ከባቡር ጣቢያው አቅራቢያ፣ በሕንጻዎች መካከል፣ ፖላንዳውያን ከ1960 ጀምረው የቆፈሩት የሮማ ዘመን ሰፈር ነው። ሰው የሚሮጠው ወደ ትንሹ የእብነ በረድ ቴአትር ነው። ከእሱ ጎን ያሉት ወደ 20 የሚጠጉ የመማሪያ አዳራሾች የበለጠ ይገርማሉ። ተማሪዎቹ የተቀመጡበት ደረጃና የመምህሩ መቀመጫ እስከ ዛሬ አሉ።

ስለ ጥንቱ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ተብሏል፤ የሚታይ ነገር ግን አልቀረለትም። የግሪኩ ሊቅ ኤራቶስቴኔስ የምድርን ዙሪያ በጥላ የለካው የዚያ ቤት ኃላፊ ሳለ ነው። በ2002 የተመረቀው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ወደ ባሕሩ ያዘነበለ፣ 160 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጣሪያ አለው። የውጭ ግድግዳው የዓለም ፊደላት ተቀርጸውበታል። ከውስጥ የንባብ አዳራሹን ሳታዩ አትውጡ።

ወደ እኛ ጉዳይ ስንመጣ፣ ከእስክንድርያ ጋር ያለን ግንኙነት ከሃይማኖቱም ከንግዱም በኩል ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ላከው። ከዚያ በኋላ ለ1,600 ዓመት ገደማ ጳጳሳቱ ከግብጽ ሲመጡ ኖሩ። አቡነ ባስልዮስ በ1951 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1959 ደግሞ ፓትርያርክ ተባሉ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቆስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ የአክሱም ወደብ ወደነበረችው አዱሊስ ደርሶ፣ አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር (ወደ ዛሬዋ የመን) ሊዘምት ሲዘጋጅ አይቷል። በአዱሊስ የነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተጻፈውን የግሪክ ጽሑፍም ገልብጧል። ድንጋዩ ጠፍቷል፤ ጽሑፉን ዛሬ የምናውቀው እሱ ስለገለበጠው ብቻ ነው። የዘመን አቆጣጠራችንም ከዚያው ነው። መስከረም 1 ቀን የእኛ ዕንቁጣጣሽና የእነሱ ነይሩዝ አብረው ይውላሉ። ከአውሮፓውያን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ የቀረነውም በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ ባወጣው ስሌት ስለምንሄድ ነው።

በትውፊት ቅዱስ ማርቆስ በዚህች ከተማ ጎዳና ላይ ተጎትቶ ሰማዕት ሆኗል። አጽሙን የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 ወሰዱት፤ ከፊሉ በ1968 ለግብጽ ተመልሶ ካይሮ ገባ። ፓትርያርኩም ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መቀመጫቸው ካይሮ ነው፤ ማዕረጋቸው ግን አሁንም የእስክንድርያ ነው። በከተማዋ መሀል ያለው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ለጎብኚ ክፍት ነው። በ2017 በሆሳዕና ዕለት በሩ ላይ ቦምብ ስለፈነዳ ፍተሻው ጠበቅ ይላል። ፓስፖርት ያዙ።

ከዐረቦች ድል በኋላ ዋና ከተማው ዛሬ የካይሮ ክፍል ወደሆነችው ፉስጣጥ ሄደና እስክንድርያ እየደከመች መጣች። ናፖሊዮን በ1798 ሲደርስ ያገኘው ትንሽ ከተማ ነበር። ያነሳት የግብጽ ገዥ የነበረው መሐመድ አሊ ነው። በ1820 የማሕሙዲያ ቦይ ተጠናቅቆ ዓባይ እንደገና ወደ ከተማዋ ገባ። ጥጥ መጣ፣ ገንዘብ መጣ። ግሪኩ፣ ጣልያኑ፣ አርመኑ፣ አይሁዱ ተከትሎ መጣ። አሮጌዎቹ የአውሮፓ አሠራር ያላቸው ሕንጻዎችና የድሮ ካፌዎች የዚያ ዘመን ናቸው። ንጉሥ ፋሩቅ ጁላይ 26 ቀን 1952 ከራስ ኤል ቲን ቤተ መንግሥት መርከብ ተሳፍሮ ለስደት ወጣ። በ4ኛ ዓመቱ በዚያው ቀን የግብጹ ፕሬዚዳንት ናስር መንሺያ አደባባይ ላይ ሆኖ የስዊዝ ቦይ መወረሱን አወጀ። ንግግሩ ውስጥ የቦዩን ቆፋሪ የደ ሌሴፕስን ስም ሲጠራ፣ ለሰዎቹ «አሁን ያዙት» የሚል ምልክት ነበር። ከዚያ በኋላ የውጭ ዜጎቹ አብዛኞቹ ወጡ።

ከካይሮ በባቡር ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሚወርዱበት ጣቢያ ሲዲ ጋቢር ወይም መጨረሻው ማስር ነው። ከተማ ውስጥ ጥቁርና ቢጫ ታክሲ አለ፤ ሳይገቡ ዋጋ መነጋገር ነው። የባሕሩን ዳር ይዘው የሚሄዱትን ሚኒባሶች ሰዉ «መሽሩዕ» ይላቸዋል፤ ርካሽ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ካይሮ በሙሉ እዚህ የፈሰሰ ነው የሚመስለው፤ ባትሄዱ ይሻላል። ክረምታቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ያኔ ማዕበልና ዝናብ ያለው «ነዋ» የሚሉት ወጀብ ይነሳል፤ መንገዱም በጎርፍ ይዘጋል። መጋቢት፣ ሚያዝያና ጥቅምት ጥሩ ናቸው። በባሕሩ ዳር የተደረደሩት የኮንክሪት ድንጋዮች ለጌጥ አይደሉም። የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ ስለሆነ መንገዱንና ምሽጉን እንዲከላከሉ የተጣሉ ናቸው።

ምግብን በተመለከተ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስ ተደርጎ ዳቦ ውስጥ የሚገባው የእስክንድርያ ጉበት ለሐበሻ አፍ የተሠራ ነው። ዓሣ ደግሞ በአንፉሺ በኩል ነው። ከበረዶው ላይ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ይመዘናል፣ ከዚያ ይጠበሳል ወይም በምድጃ ይገባል። ዋጋው በኪሎ ስለሆነ ሚዛኑን እያያችሁ፣ ሳይጠበስ በፊት ጠይቁ።