አልፋ ፌቶፕሮቲን ምንድን ነው? ቁጥሩስ ለምን ከፍ ዝቅ ይላል?

አልፋ ፌቶፕሮቲን፣ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ «ኤኤፍፒ» ተብሎ የሚጻፈው፣ ጽንስ በማሕፀን ሳለ በተለይ በጉበቱ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ከልደት በኋላ መጠኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ በጤናማ አዋቂ ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ10 ናኖ ግራም በታች ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 ተመራማሪው አቤሌቭ የጉበት ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ፣ በ1964 ደግሞ ሌላው ተመራማሪ ታታሪኖቭ በዚሁ ካንሰር በታመመ ሰው ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን መኖሩን ካሳዩ ወዲህ፣ ምርመራው ከጉበት የሚነሣ ካንሰርን ለመጠርጠርና ሕክምናውን ለመከታተል ሲያገለግል ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ካንሰሩ ሁልጊዜ ይህን ፕሮቲን አያመነጭም። ከሦስት ታማሚዎች በግምት የአንዱ ኤኤፍፒ ከፍ አይልም፤ እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ ደግሞ የማያመነጨው ቁጥር ይበዛል። በአንድ እብጠት ውስጥ እንኳ አንዳንዱ ሕዋስ ሲያመነጭ ሌላው ዝም ሊል ይችላል። በእኔ ግምት በሽተኛን አብዝቶ የሚጎዳው የሚያስደነግጠው ትልቅ ቁጥር ሳይሆን የሚያዘናጋው ትንሽ ቁጥር ነው፤ «ደሙ ነጻ ነው» የተባለ ሰው የጉበቱን የአልትራሳውንድ ምርመራ ይተዋልና።

በተቃራኒው ካንሰር ሳይኖርም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ሲያገረሽ የተጎዳው ጉበት ራሱን ለመተካት አዳዲስ ሕዋሳትን ያበዛል፤ በዚህ ጊዜ ኤኤፍፒ ይጨምራል። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የወፍ በሽታ ነው የተባለ የዳንግላ ወይም የፍኖተ ሰላም ሰው በዚያው ሰሞን የሚሰጠው ደም መጠነኛ ጭማሪ ቢያሳይ፣ ቫይረሱ በመድኃኒት ሲገታ ቁጥሩ ሊወርድ ስለሚችል፣ ምርመራው መደገም አለበት እንጂ በዚያ ብቻ ካንሰር ነው አይባልም። እርግዝናም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ቁጥሩ በሚሊ ሊትር ከ400 ናኖ ግራም በላይ ሆኖ በጉበት ላይ እብጠት ከታየ ግን ጥርጣሬው እጅግ ይጠነክራል፤ ያኔ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ማረጋገጥ ይገባል።

ሌላው የልዩነት ምንጭ ላብራቶሪው ራሱ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የመጀመሪያውን ምርመራ ደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛውን ባሕር ዳር፣ ሦስተኛውን አዲስ አበባ ያሠራ በሽተኛ በሦስት ዓይነት መሣሪያ ተለክቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህም በላይ አንዱ ላብራቶሪ ውጤቱን በናኖ ግራም፣ ሌላው «IU» በሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሊጽፈው ይችላል። 100 ዓለም አቀፍ መለኪያ ወደ 121 ናኖ ግራም ስለሚጠጋ፣ በደሙ ላይ ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ የጨመረ ይመስላል። ወረቀቶቹን ሁሉ አስቀምጦ ለሐኪሙ ማሳየት፣ ከተቻለም ክትትሉን በአንድ ላብራቶሪ ማድረግ ይበጃል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላም ቁጥሩ በአንድ ጀንበር አይወርድም። በደም ውስጥ ያለው ኤኤፍፒ በግማሽ ለመቀነስ ከ5 እስከ 7 ቀን ስለሚፈጅበት፣ ከፍ ብሎ የነበረ ቁጥር ወደ መደበኛው እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሳይወርድ ከቀረ ወይም ወርዶ እንደገና ከጨመረ ግን የቀረ ወይም ያገረሸ ካንሰር መኖሩ በምስል መፈተሽ አለበት።