የዳንጀን ጉዞ አመራር በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጠረጴዛ ከበው፣ እያወሩና ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አንዱ ጌም ማስተር ይሆናል፤ ዓለሙን ይገልጻል፣ ሕጉን ይዳኛል። ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ። ዳንጀን የሚባለው እነዚህ ሰዎች ወርቅ ፍለጋ የሚወርዱበት፣ ወጥመድና ጭራቅ የሞላበት የምድር ውስጥ ዓለም ነው። ይህ ጽሑፍ ጌም ማስተሩ ያንን ጉዞ እንዴት እንደሚመራ ይዳስሳል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጠነሰሰው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ ነው። ዴቪድ ዌስሊ በ1969 ብራውንስታይን በተባለ የጦርነት ጨዋታው ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰው ሚና ሰጠ። አብሮት ይጫወት የነበረው ዴቭ አርነሰን በ1971 ብላክሙር የሚባል የራሱን ዓለም ጀመረ። ተጫዋቾቹንም በብላክሙር ግንብ ስር ወዳለው ዋሻ ይዟቸው ወረደ። በ1972 ወደ ሌክ ጄኔቫ፣ ዊስኮንሲን ሄዶ ለጋሪ ጋይጋክስ አሳየው። ጋይጋክስም ብዙ ሳይቆይ ግሬይሆክ የተባለውን የራሱን ዳንጀን ሠራ። በ1974 ጨዋታው በ3 ቀጫጭን መጻሕፍት ወጣ፤ የመጀመሪያው ሕትመት 1,000 ቅጂ ነበር።

ከሁለቱ የማን ድርሻ ይበልጣል የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1979 የተከፈተው ክስ በ1981 በስምምነት አለቀ። ሕጎቹን በጽሑፍ በማስፈር ረገድ የጋይጋክስ እጅ ይበልጣል ቢባል ብዙም ስህተት አይሆንም። ዳንጀኑ ግን የአርነሰን ነው።

የጨዋታው አሳታሚ ኩባንያ ቲኤስአር በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለተባለ ሌላ የጨዋታ አሳታሚ ተሸጠ፤ በ2000 ሦስተኛው እትም፣ በ2014 አምስተኛው ወጣ።

የዳንጀን አመራር ከሁሉም ጥርት ብሎ የተጻፈው ቶም ሞልድቬይ በ1981 ባዘጋጀው የጀማሪዎች መጽሐፍ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮችም የእሱ ናቸው።

የሁሉም ነገር መሠረት ጊዜ ነው። አንድ ዙር 10 ደቂቃ ነው። በአንድ ዙር ሸክም ያልከበደው ሰው 120 ጫማ ይሄዳል፤ 36 ሜትር ገደማ። ወይም ስውር በር አለ ብሎ 10 ጫማ በ10 ጫማ የሆነች ቦታ ይፈትሻል። ከ6 ዙር አንዱ እረፍት ነው። ችቦ 6 ዙር ይነዳል፤ አንድ ጠርሙስ ዘይት የሞላ ፋኖስ 24 ዙር። በየ2 ዙሩ ጌም ማስተሩ ባለ 6 ፊት ዳይስ ይጥላል። 1 ከወጣ የሚዘዋወር ጭራቅ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ጎበዝ ጌም ማስተር ወረቀት ላይ በየዙሩ ጭረት ያሰምራል። ይህ ሥራ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ግን ጭረቱን የተወ ሰው ፍርሃቱንም ከጨዋታው አወጣው። የመጨረሻዋ ችቦ ልታልቅ ስትል ጠረጴዛው ጸጥ ይላል።

ሁለተኛው ወርቁ ነው። ጎብሊን የሚባለውን ትንሽ ጭራቅ መግደል የሚያስገኘው 5 የልምድ ነጥብ ነው፤ ገጸ ባሕርይ ደረጃው የሚያድገው በዚህ ነጥብ ነው። ከዳንጀኑ ይዘውት የወጡት እያንዳንዱ የወርቅ ሳንቲም ደግሞ 1 ነጥብ ያስገኛል። ተዋጊ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 2,000 ነጥብ ያስፈልገዋል። በውጊያ ብቻ ከሆነ 400 ጎብሊን ሊገድል ነው! ለዚህ ነው የድሮ ተጫዋቾች መደበቅን፣ መደራደርንና መሸሽን የተካኑት። ጭራቁም ሁልጊዜ አያጠቃም። ጌም ማስተሩ 2 ዳይስ ጥሎ ሁኔታውን ያያል፤ ድምሩ 2 ከሆነ ጭራቁ ወዲያው ይዘምታል፣ 12 ከሆነ ወዳጅ ይሆናል።

ካርታውን የሚስለው ከተጫዋቾቹ አንዱ ነው። ጌም ማስተሩ «ኮሪደሩ 30 ጫማ ሄዶ ወደ ግራ ይታጠፋል» ይላል፤ እሱ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ብዙ ጊዜ አንዱ ካሬ 10 ጫማ ነው። ካርታው ከተሳሳተ መንገዱም ይጠፋል። እኔ ጌም ማስተሩ ባያርመው እመርጣለሁ፤ መጥፋትም የጉዞው አካል ነው።

መውጣቱ ከመግባቱ ይከብዳል። ክብደት የሚቆጥር ቡድን ከሆነ 10 ሳንቲም 1 ፓውንድ ይመዝናል፤ ከ600 ሳንቲም በላይ የተሸከመ ሰው ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዝግ ካሉ ዙር ይበዛል፤ ዙር ሲበዛ ዳይስ ይበዛል። ጭራቅ ካባረራቸው የሚጥሉት ነገር ሊያድናቸው ይችላል። አእምሮ ለሌለው አውሬ ምግብ፣ ለሚያስበው ወርቅ ይጣላል። ዳይሱ ከ1 እስከ 3 ካመጣ አሳዳጁ ለመልቀም ይቆማል።