ኮድ ቡክ ምንድን ነው?

ኮድ ቡክ በመጠይቅ የተሰበሰበ መረጃ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ እያንዳንዱ ጥያቄ በምን አጭር ስም እንደሚመዘገብ፣ እያንዳንዱ መልስም በየትኛው ቁጥር እንደሚወከል የሚደነግግ ሰነድ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ወይም በኤክሴል ፋይል ውስጥ ለብቻው የተያዘ ሺት ሊሆን ይችላል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች መሠረታዊ የኮምፒውተር ትምህርት ሲሰጣቸው ብዙውን ጊዜ ከፋይልና ከፎልደር በቀጥታ ኤስፒኤስኤስ ወደተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይሻገራሉ፤ በእኔ እምነት ግን ከሁለቱ መካከል ኮድ ቡክ መግባት አለበት።

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የሚኖሩ የጣና አሣ አስጋሪዎችን የሚያጠና ተማሪ እንውሰድ። የመኖሪያ ከተማን ሲመዘግቡ አንዱ መረጃ ሰብሳቢ «ባሕር ዳር»፣ ሌላው «ባህር ዳር»፣ ሦስተኛው ደግሞ አያይዞ «ባሕርዳር» ብሎ ይጽፋል። እኛ ሦስቱንም አንድ አድርገን እናነባቸዋለን፤ ለኮምፒውተር ግን «ሕ» እና «ህ» የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ፣ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም እንደ አንድ ፊደል ስለሚቆጠር፣ እያንዳንዱ መልስ ስንት ጊዜ እንደተሰጠ የሚቆጥረው የድግግሞሽ ሠንጠረዥ ሦስት ከተሞችን ያሳያል። ኮድ ቡኩ «ባሕር ዳር = 1» ብሎ ቢወስን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተፈጠረ ነበር። ሞክሼ ፊደላት ባሉት በአማርኛ መረጃ ለሚሰበስብ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ቁጥር መስጠቱ ብቻውን ግን አይበቃም። በብዛት ለሚሰገረው አሣ ቆሮሶ 1፣ አምባዛ 2 ተብሎ ሲሰጥ ቁጥሩ ስምን እንጂ መጠንን አይገልጽም፤ አማካዩን ማስላትም ትርጉም የለውም። በሌላ በኩል ዕድሜውን ላልተናገረ ሰው 99 ይጻፍ ከተባለ፣ 99 «መልስ የለም» ማለት መሆኑ ለፕሮግራሙም መነገር አለበት። ሦስት አስጋሪዎች 30፣ 35 እና 40 ዓመት ቢሆናቸው አማካያቸው 35 ነው፤ አራተኛው ሳይመልስ ቀርቶ 99 እንደ ዕድሜ ከተቆጠረ ግን አማካዩ 51 ይሆናል። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው፤ የትውልድ ዘመን 1990 ሲባል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት ይገባል።

ስሙ ራሱ «ለማኅበራዊ ሳይንስ የስታቲስቲክስ ጥቅል» ከሚል ሐረግ የመጣው ኤስፒኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲጀመር ለዚሁ መስክ ታስቦ የተሠራ ነው። ዛሬም «ቫሪያብል ቪው» የተባለው ገጹ የሚጠይቀው ስምን፣ መግለጫን፣ የኮዶችን ትርጉምና የጎደሉ መልሶችን በመሆኑ፣ ኮድ ቡኩን አስቀድሞ የጻፈ ተማሪ እዚያ የሚቀረው መገልበጥ ብቻ ነው።

ኮድ ቡክ የሚጻፈው መጠይቁ እንዳለቀ፣ መረጃ መግባት ከመጀመሩ በፊት ነው። በቂ መሆኑን ለመፈተን ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ ተመሳሳይ አምስት መጠይቆችን እያንዳንዳቸው ያስገቡና ሠንጠረዦቻቸውን ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ ቁጥሮቹ በተለያዩበት ቦታ ሁሉ፣ የትየባ ስሕተት ካልሆነ በቀር፣ ኮድ ቡኩ ሳይወስነው የቀረ ነገር አለ ማለት ነውና የሚታረመው እዚያው ላይ ነው።