የኮንሰርት ፊልምና ኦስካር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳር የሰርግና የኮንሰርት ቪዲዮ የሚቀርጹ ወጣቶች ጣና ዳር ቡና ላይ ሲገናኙ፣ ከመድረክ የቀረጹት ሙዚቃ አንድ ቀን ታላቅ የፊልም ሽልማት ያገኝ እንደሆነ ይከራከራሉ። ጥያቄው ቁም ነገር ነው፤ መልሶቹ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳቱ ናቸው። ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ኮንሰርት የሚያሳይ ፊልም ኦስካር አያገኝም።»

አግኝቷል። በ1969 በኒውዮርክ ግዛት የተካሄደውን ፌስቲቫል ያሳየው «ዉድስቶክ» በ1971 የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ኦስካር ወስዷል። በ2022 ደግሞ «ሰመር ኦፍ ሶል» ያንኑ ሽልማት አገኘ። ይህ ፊልም የተሠራው በዚያው በ1969 በኒውዮርክ ከተማ ሃርለም ሰፈር ውስጥ ተቀርጾ፣ ለ50 ዓመት ያህል ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከኖረ 40 ሰዓት ገደማ ምስል ነው። ዳይሬክተሩ ኩዌስትላቭ ዘፈኖቹን በመደርደር አልተወሰነም፤ በልጅነታቸው በቦታው የነበሩ ሰዎችን ፈልጎ ምስሉን እያሳየ አናገራቸው። በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ያሉ የአዝማሪ ምሽት ካሴቶችን ሳስብ፣ ከመጥፋታቸው በፊት እንዲገለበጡ አጥብቄ እመኛለሁ።

«ብዙ ተመልካች ያገኘ ይሸለማል።»

የዘፋኟ ቴይለር ስዊፍት የኮንሰርት ፊልም «ዘ ኢራስ ቱር» በ2023 ከ260 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ጎልደን ግሎብ ለተባለው የፊልም ሽልማት ቢታጭም አላሸነፈም፤ ለኦስካር ደግሞ አልታጨም።

«በኮንሰርቱ የተዘፈነ ዘፈን የምርጥ ዘፈን ኦስካር ሊወስድ ይችላል።»

ዘፈኑ ለዚያው ፊልም ተብሎ የተደረሰ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቀድሞ የታወቀ ዘፈን አይወዳደርም። ለሙዚቃ ፊልም የተለየ ዘርፍ ያለው የአሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት ግራሚ ነው፤ የቢዮንሴ «ሆምካሚንግ» በ2020 ያሸነፈው እዚያ ነው።

«ካሜራ ተክሎ መድረኩን መቅረጽ ይበቃል።»

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው። የኦስካር ደንብ ራሱ፣ የመድረክ ትርዒትን እንዳለ ብቻ የመዘገበ ሥራ በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ እንዳይወዳደር ይከለክላል። «ዉድስቶክ» በኤዲቲንግና በድምፅም የታጨው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስክሪኑን ለሁለትና ለሦስት እየከፈለ ዘፋኙንና ሕዝቡን ጎን ለጎን ያሳያል። ወደ እኛ ስንመጣ፣ በአዝማሪ ቤት አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ሲያዜመው፣ ግጥሙ የነካው ሰው ደግሞ ከማዕዘኑ ሲስቅ፣ ጨዋታው ያለው በሦስቱ መካከል ስለሆነ መሰንቆው ላይ ብቻ የቆመ ካሜራ ዋናውን ነገር አያገኘውም።

ድምፁም የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጥር 1972 አሬታ ፍራንክሊን በሎስ አንጀለስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር የቀረጸው የፊልም ዳይሬክተሩ የሲድኒ ፖላክ ቡድን ክላፐር፣ ማለትም ቀረጻ ሲጀመር ካሜራው ፊት እየተመታ ለምስሉና ለድምፁ የጋራ ምልክት የሚሰጥ ሰሌዳ፣ ስላልተጠቀመ ምስሉንና ድምፁን ማገጣጠም አልተቻለም ነበር፤ በዲጂታል ቴክኖሎጂ ከተገጣጠመ በኋላም ዘፋኟ በፍርድ ቤት ስለተከራከረች «አሜዚንግ ግሬስ» ለሕዝብ የታየው በ2018፣ ካረፈች በኋላ ነው። ክላፐር የሌለው ቀራጭ ድምፁን በሌላ መሣሪያ የሚቀዳ ከሆነ፣ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ጮክ አድርጎ ቢያጨበጭብ ያው ምልክት ይሆንለታል።