በሲ ፕሮግራም ዳይሬክተሪ ሲነበብ የፋይል ዓይነትን መለየት

በዩኒክስና ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ላይ ዳይሬክተሪ የሚያነብ የሲ ፕሮግራም፣ ያገኘው ስም የተራ ፋይል፣ የንዑስ ዳይሬክተሪ፣ የሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም) ወይስ የሶኬት (ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት) እንደሆነ መለየት አለበት። ፋይል የሚፈልግ፣ ባክአፕ የሚያደርግ ወይም የሚሰርዝ ፕሮግራም ሁሉ ቀጥሎ የሚያደርገው በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። መንገዱ ሁለት ነው፤ ዳይሬክተሪ የሚያነበው ሪድዲር የተባለ ፈንክሽን በሚመልሰው መዝገብ ውስጥ ዓይነቱ የተጻፈበትን ዲ_ታይፕን ማየት፣ ወይም ኤልስታት በተባለ የሲስተም ጥሪ አይኖዱን፣ ማለትም ሲስተሙ የፋይሉን መረጃ የሚይዝበትን መዝገብ፣ መጠየቅ።

በመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ዓመታት ዳይሬክተሪ እንደማንኛውም ፋይል ተከፍቶ ይነበብ ነበር። አንዱ መዝገብ 16 ባይት ነው፤ 2ቱ ለአይኖድ ቁጥር፣ 14ቱ ለስም። ስለ ዓይነት የተጻፈ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ፣ 4.2ቢኤስዲ፣ የስምን ርዝመት ወደ 255 ሲያሳድግ የመዝገቦቹ መጠን መለያየት ጀመረ፤ ኦፐንዲር፣ ሪድዲርና ክሎዝዲርም ይህን ከፕሮግራመሩ ለመሸፈን አብረው መጡ። የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደረጃ የሆነው ፖዚክስ በ1988 ሲወጣ የሁሉም ሲስተም ግዴታ ያደረገው ስሙን፣ ማለትም ዲ_ኔምን፣ ብቻ ነው።

ዲ_ታይፕን ያመጡትም እነዚያው በርክሌዮች ናቸው። በ4.4ቢኤስዲ የስሙ ርዝመት የሚጻፍበት 16 ቢት ለሁለት ተከፈለ፤ 255 በ8 ቢት ስለሚበቃው የተረፈው 8 ቢት ለዓይነቱ ተሰጠ። መዝገቡ በአንድ ባይት እንኳ አልጨመረም፤ የሚያስመሰግን ቁጠባ ነው። ቁጥሮቹም ታስቦባቸዋል። ዳይሬክተሪ 4፣ ተራ ፋይል 8፣ ሲምቦሊክ ሊንክ 10፣ ሶኬት 12 ነው። የፋይል መረጃ የሚሰጠው ስታት ከሚሞላው ኤስቲ_ሞድ (የፋይሉ ዓይነትና ፈቃድ የሚጻፍበት) ላይ የዓይነቱ ቢቶች 12 ቦታ ወደ ቀኝ ሲገፉ የሚገኙት እነዚሁ ናቸው፤ የዳይሬክተሪው ኦክታል 040000 ሲገፋ 4 ይሆናል።

በሊኑክስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ዓይነቱን ጌትዴንትስ64 በተባለ የሲስተም ጥሪ በኩል ያቀብላል። ኤክስት4 እና ቢቲአርኤፍኤስ የተባሉት የፋይል ሲስተሞች በሚገባ ይሞሉታል። ኤክስኤፍኤስ ግን ኤፍታይፕ የተባለው አማራጭ ጠፍቶ ፎርማት ከተደረገ 0፣ ማለትም ዲቲ_አንኖውን (ዓይነቱ አይታወቅም)፣ ይመልሳል፤ ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያስኬደው ዶከር ኦቨርሌይ2 በተባለ የማከማቻ ዘዴ ሲሠራ ኤፍታይፕ እንዲበራ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር ዲ_ታይፕ መልስ ካለው እሱን መቀበል፣ 0 ሲሆን ብቻ ወደ ኤልስታት መሄድ ነው። 100,000 ፋይል ባለበት ዳይሬክተሪ ይህ 100,000 የሲስተም ጥሪ ያስቀራል።

ዲ_ታይፕ ሶላሪስ በተባለው ዩኒክስ ስለሌለ ሁልጊዜ ኤልስታት መጥራት ይሻላል የሚሉ አሉ። ምናልባት ለትንሽ ፕሮግራም ልክ ናቸው። ሆኖም የፖዚክስ 2024 እትም ዓይነቱን የሚሰጥ ፖዚክስ_ጌትዴንትስ የሚባል ጥሪ ጨምሯል፤ የበርክሌዮቹ ሐሳብ ትክክል እንደነበረ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ዊንዶውስም ፋይንድኔክስትፋይል በተባለ ጥሪ ዓይነቱን ከስሙ ጋር ይሰጣል።

በብዛት የሚታየው ስሕተት ዲ_ኔምን ብቻውን ለኤልስታት መስጠት ነው። ዲ_ኔም ስሙ ብቻ እንጂ ሙሉ ፓዝ (እስከ ፋይሉ የሚያደርስ አድራሻ) አይደለም። ፕሮግራሙ ባለበት ዳይሬክተሪ ላይ ሲሞከር ይሠራል፤ ሌላ ዳይሬክተሪ ሲሰጠው «ፋይሉ የለም» የሚል ስሕተት ይመለሳል። የተመለሰውን ዋጋ የማያይ ሰው ያልተሞላ ኤስቲ_ሞድ አንብቦ ተራውን ፋይል ዳይሬክተሪ ሊለው ይችላል። መፍትሔው የዳይሬክተሪውን ፓዝና ስሙን በኤስኤንፕሪንትኤፍ ማገናኘት፣ ወይም በተሻለ ሁኔታ ዲርኤፍዲ የሚሰጠውን የተከፈተውን ዳይሬክተሪ ቁጥር ይዞ ሊንክ አትከተል ከሚለው ፍላግ ጋር ኤፍስታትአትን መጥራት ነው።

በኤልስታት ፈንታ ስታት ከተጠራ ሊንኩን ተከትሎ የመዳረሻውን ዓይነት ይመልሳል። የሚሰርዝ ፕሮግራም በዚህ ከተሳሳተ ከታዘዘበት ዳይሬክተሪ ወጥቶ የሌላውን ፋይል ያጠፋል። ዓይነቱ ከታወቀ በኋላም ፋይሉ እስኪከፈት ድረስ ሌላ ሰው ሊቀይረው ይችላል፤ ስለዚህ በሩት (ሙሉ) መብት የሚሠራ ፕሮግራም ዳይሬክተሪን በኦፐንአት ሲከፍት ኦ_ዳይሬክተሪ (ዳይሬክተሪ ካልሆነ አትክፈት) እና ኦ_ኖፎሎው (ሊንክ አትከተል) የሚሉትን ፍላጎች ይጨምራል፣ ከዚያም በከፈተው ላይ ኤፍስታትን ይጠራል።